«ብረት አለብዎት?»

ንጋት ላይ ፈጅር ሰግደን ከጭሮ ስንነሳ ሳቢት ደስ ብሎት ነበር። ግራ እግሩ ከደነዘዘ ሦስት ወሩ ነው። የጭሮው ሐኪም የጀርባውን ነርቭ ማየት ፈልጎ፣ አዳማ ሄዶ ኤምአርአይ እንዲነሳ ጻፈለት።

«ትልቁን ማሽን ነው ያዘዙልኝ» አለኝ ሚኒባሱ ውስጥ። «ላንተ ዓይነቱ ሲቲ ስካን ይበቃዋል።»

«ትልቅ ያሰኘው ምኑ ነው?»

«ወረፋው ረጅም ነዋ።»

ሳቅን። እኔም ከዚህ የተሻለ አላውቅም ነበር።

አሰቦትን አልፈን ቦርደዴ ስንደርስ እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ መስኮት ዞርን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የምናልፋት። እዚያ በከብት ውሃ ተጣልተን ተኩሼ ጀርባውን መትቼዋለሁ። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁን፣ ያ ጥይት ዳግመኛ ከአፋችን እንዳይወጣ አስማሉን። አልወጣም። ልጄን ለልጁ ድሬያለሁ፤ ዛሬም አስታማሚው እኔ ነኝ። የጭሮው ሐኪም ስለ ጠባሳው ሲጠይቀው እንኳ «በሬ ወግቶኝ ነው» ብሎ መለሰ፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ጥይቱ ያኔውኑ ሐረር ሆስፒታል እንደወጣለት ሰምቼ ስለነበር ውሸቷ ማንንም የምትጎዳ አልመሰለኝም።

አዳማ ወረፋችን ሲደርስ ሱመያ የምትባል ባለሙያ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባቴ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለብዎት? የልብ ማሽን፣ ሚስማር፣ ጥይት?»

«የለም» አለ ሳቢት፤ ሰዓቱንና ቀበቶውን እያቀበለኝ።

ጥይት ስትል ደነገጥኩ። «ለምን ትጠይቂያለሽ የኔ ልጅ?»

«ሲቲ ስካን ቢሆን ብዙም አያሳስበኝም። እሱ እንደ ራጅ በጨረር ነው የሚያነሳው፤ የሰውነትን ምስል ስስ ስስ አድርጎ እየከፋፈለ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። ይሄኛው ጨረር የለውም፤ ማግኔት ነው። ነርቭን አጥርቶ ያሳያል፤ ግን ሰውነት ውስጥ ያለ ብረት ሊስብ ይችላል። ብረቱ ነርቭ አጠገብ ከሆነ ሰውየው ሽባ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።»

ሳቢትን አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሳቢት፣ ወጥቶልሃል አይደል?»

«ምኑ?»

«ታውቀዋለህ።»

«በድሪ፣ ምለናል እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። «የሐረር ሐኪሞች ነርቭ ይነካል ብለው ነው የተዉት። አላህ ካለ አይነቃነቅም።»

ሃያ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የወሰደኝ ወጥቶለታል ብዬ ነው። እሱ ግን ጥይቴን ተሸክሞ በልጄ ሠርግ ጨፍሯል። አሁን ደግሞ አፌን ላለማስከፈት ወደ ማሽኑ ክፍል በር እየተራመደ ነው።

«አቁሚው» አልኳት። «ጀርባው ውስጥ ጥይት አለ። የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

ሱመያ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ደወለች፤ ትእዛዙም ወደ ሲቲ ስካን ተቀየረ። ሱረቱል ፋቲሃን አንድ አስር ጊዜ ሳልቀራ አልቆ ሳቢት ወጣ።

ሱመያ ምስሉን አሳየችን። አከርካሪው ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ታበራለች። ከነርቩ የሚለያት ክር አይሞላም።

ሳቢት ረጅም ጊዜ አያት። «እኔ ትልቅ ነገር መስሎኝ» አለ።

ስንመለስ፣ አዋሽን እንዳለፍን ወደኔ ዞረ።

«መሃላውን ያፈረስከው አንተ ነህ» አለኝ። «ለሽማግሌዎቹ አንተው ትነግራቸዋለህ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ቦርደዴ ስንደርስ እንደ ልማዴ ፊቴን አዞርኩ። ሳቢት ግን ትከሻዬን ያዘና፣ «የቱ ጋ ሆነህ ነበር የተኮስከው?» አለኝ።