የሁሉም ሁለተኛ

አክስቴ ስሂን፣ እኔ እቴቴ የምላት፣ ሰው ታሟል ከተባለ ሳትጠራ የምትሄድ ሴት ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አራስ ብትኖር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሽማግሌ ቢወድቅ፣ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ፣ ቨርጂኒያ ካለው ሰፈራችን ከላንድማርክ አውቶቡስ ቀያይራ፣ ሾርባዋን በፎጣ ጠቅልላ ትደርሳለች። አብሬያት ስለምኖር ስንቴ ተቆጥቻታለሁ መሰላችሁ። «ተይ ብሩክታይት፣ ነግ በኔ ነው» ብላ አፌን ታስይዘኛለች።

ነግ የተባለው መጣ። ባሏን ጋሽ ፍቅረማርያምን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ግን እንግሊዝኛቸው ጠፋ። ስንት ዘመን ታክሲ የነዱበት ቋንቋ እንዳልነበረ ሆኖ አማርኛቸው ብቻ ቀረ። ቦታ የተገኘላቸው ነርሲንግ ሆም ከቤታችን ርቆ ሜሪላንድ፣ በልትስቪል ነው፤ እዚያ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለም። እቴቴ በሳምንት አንድ ቀን ኦፍ አላት፣ ያን ቀን ትሄዳለች። እኔም ሺፍቴ ሲፈቅድ እሄዳለሁ። በቀረው ቀን ሰውየው ግድግዳ እያዩ ይውላሉ። ስትሮኩ ያልገደላቸውን ዝምታው እየገደላቸው ነው።

የመረዳጃ ማህበራችን ድሮ የጠያቂ ተራ ነበረው። አባል ሲታመም ተረኛው ሄዶ ያጫውተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ማንም አይከብደውም ነበር። ኋላ ኮሚቴው «ሰው ቢዚ ነው» አለና ተራውን ሰርዞ የዋትሳፕ ግሩፕ ከፈተ። ጋሽ ፍቅረማርያም የወደቁ ቀን ግሩፑ በተጣመሩ እጆች ምስል ተጥለቀለቀ። በእግሩ የመጣ ግን አልነበረም። እኔ ተናድጄ ከማህበሩ ወጣሁ። እቴቴ አልወጣችም። «ኮሚቴ ገብቼ ተራውን አስመልሳለሁ» አለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ባሏን በአማርኛ እንደምን ዋሉ የሚላቸው ሰው እንዲገባላቸው ብቻ ነው የፈለገችው።

በዚህ መሃል ኪራኮስ የሚባል ሰው ከአየርላንድ መጥቶ አባል ሆነ። ብዙ ዓመት እዚያ ስለኖረ ያለ አየርላንድ ወሬ የለውም። የማህበሩ ኮሚቴ ምርጫ እስከዚያ እጅ በማውጣት ነበር፤ የሜሪላንድ ሰው ስለሚበዛ ወንበሩን ሁሉ ይወስደዋል፣ እኛ የቨርጂኒያዎቹ እናኮርፋለን። ታዲያ አባልነቴን ብተውም እቴቴን አድርሼ በተቀመጥኩበት ስብሰባ ላይ ኪራኮስ ተነሳ።

«እዚያ ካውንቲው የራሱ ካውንስል፣ ምክር ቤት አለው» አለ። «ካውንቲው በምርጫ ሰፈር ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ሰፈር እንደ ሕዝቡ ብዛት የራሱን ሰዎች ይልካል። እኔ ዜጋ ሳልሆን መርጫለሁ፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ሊቀመንበሩን ካውንስለሮቹ ራሳቸው በየዓመቱ ይሰይማሉ። የዕለት ሥራውን ግን የሚሠራው ተቀጣሪ ኃላፊ ነው።»

«አመራረጡስ?» አለው ከፈለ፣ አሌክሳንድሪያ ኢንሹራንስ የሚሸጠው።

«ቁጥር ነው የምትሰጠው። የምትፈልገውን አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ሦስት እያልክ ትሄዳለህ። ኮታ፣ ለማለፍ የሚበቃውን ድምፅ፣ የሞላ ያልፋል፣ ትርፍ ድምፁ ለሌላ ይተላለፋል። ማንም ካልሞላ መጨረሻ የወጣው ይወድቅና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛቸው ይሻገራል። ድምፅ አይባክንም።»

ድምፅ አይባክንም! ይቺ ቃል ሰዉን አሳበደችው። አንዱን መርጦ ሌላውን ማስቀየም ለሚጨንቀው ለእኛ ዓይነቱ ባለ ይሉኝታ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር። በጭብጨባ ጸደቀ። ለእኛ ለቨርጂኒያዎቹ ሦስት ወንበር ተሰጠን፤ እቴቴንና ከፈለን ጨምሮ ሰባት ሰው ተወዳደረ።

እቴቴ ለሁሉም ደወለች። «እንዴታ እትዬ ስሂን! እርስዎን ያልመረጥን ማንን ልንመርጥ!» አሏት። ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች፣ ከደስታ። ለጋሽ ፍቅረማርያምም «ሰው ሊመጣልህ ነው» ብላ ነገረቻቸው።

ቆጠራው እሁድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየነው አዳራሽ ሆነ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ አንድ የአሉሚኒየም ትሪ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ፤ ኪራኮስ የቨርጂኒያን ወረቀት እየገለጠ አንደኛ በተባለው ሰው ትሪ ላይ ያስቀምጣል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነውና ሰዉ ሁሉ አንደኛውን ለአክስቱ ልጅ፣ ለልጁ የክርስትና አባት፣ ሥራ ላስገባው ሰው ሰጥቷል። ስድስቱ ትሪ ተራ በተራ ተሸፈነ። የእቴቴ ትሪ እንደተገዛ ያብረቀርቃል።

ኪራኮስ ሳጥኑን ገልብጦ አራገፈው። ምንም የለም።

«ኮታ የሞላ የለም» አለ ድምፁ ሰልሎ። «መጨረሻ የወጣው ይወድቃል። ወይዘሮ ስሂን።»

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ቀጥሎ ይድነቃቸው የሚባለው ተወዳዳሪ ወደቀና የእሱ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ መነበብ ጀመረ። «ሁለተኛ ስሂን፤ ወድቀዋል። ሦስተኛ ከፈለ። ሁለተኛ ስሂን፤ ወድቀዋል። ሦስተኛ ከፈለ።» የሚቀጥለው ሰው ሲወድቅም ያው ነው። ሁለተኛ ስሂን፣ ወድቀዋል። ሁሉም አንደኛ የሚላት ሌላ ሰው አይጠፋም ብሎ ነበር። እቴቴ ስሟ በተጠራ ቁጥር እንደ ተማሪ ቀና ትላለች። ጆሮዋን ልይዝላት አማረኝ።

ሲያበቃ እየመጡ አቀፏት። «እኔ እኮ ሁለት ሰጥቼዎታለሁ!» ይላሉ፣ ውለታ እንደዋሉ ሁሉ። «እኔም! እኔም!»

«ለታመመ ሰው ሁለተኛችሁ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ጮህኩ። እቴቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝና ወዳለፈው ወደ ከፈለ ሄደች።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። የጠያቂውን ተራ ነገር አደራ።»

«እናየዋለን እትዬ፣ አጀንዳ እናስይዘዋለን። ግን እንደ አየርላንዱ ከሆነ እኛ ፖሊሲ ብቻ ነን። የዕለት ተዕለቱ የኦፊስ ማናጀሩ ሥራ ነው የሚሆነው። እሱ ደግሞ ገና አልተቀጠረም።»

መኪና ውስጥ ገባን። ወደ በልትስቪል እየነዳሁ አንድ ነገር ከነከነኝ።

«እቴቴ፣ የራስሽ ድምፅስ? እሱ እንኳ የት ገባ?»

«ለጎረቤታችን ለንጋቱ ሰጠሁት፣ እሱም ተወዳድሮ የለ? ስጽፍ ሚስቱ ሳታየኝ አትቀርም ነበር።»

«ለራስሽስ?»

«ሁለት አልኩ። ሰው ለራሱ አንድ ብሎ ይጽፋል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ንዴቴ ሁሉ ከዳኝና አንጀቴን በላችው። እንደዚህች ያለች ሴት በየትኛው አገር ሕግ ትመረጣለች?

ጋሽ ፍቅረማርያም መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰው ሁሉ የሠራውን አውቀው ይሁን ሳያውቁ እንጃ፣ እንዳዩን ግማሹ ፊታቸው ፈገግ አለ።

«አሸነፍሽ?» አሉ፣ ቃሉን እየጎተቱ።

እቴቴ ጋቢያቸውን አስተካከለች። «ሁሉም መርጠውኛል» አለች። ውሸት አልነበረም፣ እሱ ነው የከፋው።

«ተመስገን። ታዲያ መቼ ነው የሚመጡት?»

እቴቴ አየችኝ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ዞርኩ።

«ከነገ ጀምሮ» ስትል ሰማኋት።

ሰውየው በደህና እጃቸው አገጫቸውን ዳበሱ፤ ጺማቸው አድጓል። «ብሩክታይት» አሉኝ፣ «ላጪኝ እስቲ። ነጩን ሸሚዜንም አውጪልኝ። ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አልቀርብም።»

ሸሚዙን አውጥቼ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩላቸው።