ሳይንተከተክ የወረደው ድስት

ልብስ ሰፊዋ የሣጥኑን ክዳን ስታነሣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ጭዱን ወደ ጎን ገፋች፣ ድስቱን ከፈተች።

የሠፈሩ ወጥ ቤት ጋዝ የሚቆጥበው በዚህ ሣጥን ነው። የፈላ ድስት ከእሳት ይወርድና በጭድና በብርድ ልብስ ተጀቡኖ ይቀመጥበታል፤ ያለ እሳት፣ በራሱ ሙቀት፣ ቀስ እያለ ይበስላል። ሠራተኞቹ «አራስ ቤት» ይሉታል። ዛሬ የተኛችው አራስ የእሷ ነበረች። ትሠራበት የነበረው ስፌት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እዚህ ስትማር ከርማ፣ ዛሬ ብቻዋን የምታበስለው የፈተና ድስቷ ነው። ድስቱ በሰዓቱ ወጥቶ የአዳራሹን ሰው ካጠገበ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልሆነ ቦታው አብራት ለተማረችው ለሌላዋ ተለማማጅ ያልፋል። ቤት ደግሞ ሁለት ልጆችና አንዲት አማት አሉ።

ቦሎቄው ለስልሷል። በማንኪያ ጫን ስታደርገው ተዳጠ። ሽታው ያውዳል። ደስ ሊላት ሲል ዐይኗ ድስቱ አንገት ላይ ቀረ። አንገቱ ንጹሕ ነበር።

ቀይ ቦሎቄ አመለኛ ነው። ሌሊቱን ተነክሮ ያድራል፤ ውሃው ይደፋል፤ ከዚያ በአዲስ ውሃ ክዳኑ እስኪጨፍር ይንተከተካል፤ አንድ ሳፋ ሽንኩርት ተልጦ እስኪያልቅ ድረስ። በጥሬው ያለበት መርዝ የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። ሳይንተከተክ ሙቅ ቦታ የዋለ እንደሆነ ግን ለስልሶ፣ አምሮ፣ የበላውን ሁሉ ሲያስመልስ ያመሻል። የተንተከተከ ድስት ደግሞ ምስክር አያጣም፤ አረፋው እስከ አፉ ወጥቶ ሲወርድ አንገቱ ላይ ክብ ምልክት ትቶ ይደርቃል፣ ልክ እንደ ቀሚስ ጠርዝ። የእሷ ድስት ጠርዙ አልተሰፋም።

ጠዋት ድስቱን እሳት ላይ ጥዳ ሳለ ካሮት የሚያመጣው ሰው በጓሮ በር ጠርቷት ነበር። ካሮቱ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የጠወለገ ስለነበር ስትከራከረው ቆየች። ስትመለስ ድስቱ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ ብርድ ልብሱ እንደ ሕፃን መታቀፊያ ተጠቅልሎ አገኘችው። እሰይ፣ አይቶልኛል አለች በልቧ። ማንንም አልጠየቀችም።

ያየላት ሹሙ ነው። የምድጃ ሠራተኛ ነው፤ ያለ ፈቃዱ አንዲት የጋዝ ቁልፍ የሚያዞር ስለሌለ «ሹም» አሉት፣ እሱም ሹመቱን ተቀበለ። አሁን ጠቅሳ ጠራችው።

«ስታወርደው ክዳኑ ጨፍሯል?»

«የምኑ?»

«የቦሎቄው።»

ሹሙ እጆቹን በሽርጡ ጠረገ። እንፋሎት ሲያይ እሷ አስጨፍራው የሄደች መስሎት እንዳወረደው፣ ሲሊንደሩም ሊያልቅ እንደተቃረበ ነገራት። እሷ እሱ ያየው መስሏት፣ እሱ እሷ ያየችው መስሎት፣ ድስቱን ማንም አላየውም። አንዷን ፍሬ አንሥቶ በሁለት ጣቱ ዳጣት።

«ይኸው በስሏል እኮ። እሳት ካየው ምን ለየው ይባል የለም እንዴ?»

«ሌላ ቤት ይባል ይሆናል።»

ወደ በሩ ዞር ብሎ ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለጋዝ ብሎ እሳት ቶሎ በማጥፋት አንዴ ተገሥጿል፤ ሁለተኛ ከተገኘ የምድጃውን ቁልፍ አስረክቦ ከሹመቱ ይወርዳል። ልጆች አሉት። እሷም ቦታዋን ታጣለች። ደግሞስ ምናልባት ፈልቶ እንደሆነ ማን ያውቃል፣ አላት።

ከሁሉ የያዛት ይህ «ምናልባት» ነበር። ለስላሳ ነው፤ ሰው ሊደገፍበት ይችላል።

ምግብ በሚወጣበት መስኮት በኩል አዳራሹን አየች። አግዳሚዎቹ ሞልተዋል፤ አዛውንቶች፣ መድኃኒታቸውን ከምግብ በኋላ የሚውጡ ሕመምተኞች፣ ከጭነት የመጡ ወዛደሮች። ፊት ለፊት አማቷ ተቀምጠዋል። የሆዳቸው ነገር እንደ ስስ ብርጭቆ ነው፤ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ዛሬ ግን «የምራቴ ድስት ነው» እያሉ ለግራ ቀኙ ሲያወሩ ቆይተው፣ ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ጠጋ አድርገዋል።

እትዬ ገቡ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለማያውቁ ሁሉም ሰው ጆሮውን ያቆምላቸዋል።

«አዳራሹ ሞልቷል። ምን ይጠበቃል?»

ሹሙ ጭልፋውን አንሥቶ ለልብስ ሰፊዋ ዘረጋላት። ዐይኑ ይለምናታል። አልተቀበለችውም። ድስቱን ከደነች።

«ይኼ ድስት አይወጣም እትዬ። ሳይንተከተክ ነው የገባው።»

«ማን አለ?»

«አንገቱን ይዩት።»

እትዬ ክዳኑን አንሥተው ጣታቸውን በድስቱ አንገት ዙሪያ አዞሩ። ጣታቸውን አዩት። ምንም አልያዘም።

«ማን አወረደው?»

ሹሙ ምድጃውን ያያል፤ ዛሬ የተሠራ ይመስል።

«ድስቱ የእኔ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሳላይ ያመንኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ከዚያ ድስቱ እሳት ላይ እንዲመለስ፣ ሌላው ምድጃ ሁሉ እንዲጠፋ አዘዙና ወደ አዳራሹ ወጡ። ምንም ሳይሸፋፍኑ ነገሩን ተናገሩ፤ ቦሎቄው በሚገባ ስላልፈላ ምሳው ይዘገያል። አዳራሹ አጉረመረመ። ሆድ በይቅርታ ሞልቶ አያውቅም አለ አንድ ወዛደር። የአማቷ ድምፅ ከሁሉ በላይ ተሰማ።

«ምራቴ ልብስ ስትሰፋም እንዲሁ ናት፤ ቀሚሱ የሚደርሰው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ልብስ ሰፊዋን እንደ መርፌ ወጋት፤ ግን የአዳራሹን ማጉረምረም አበረደላት።

እሳቱ ሰማያዊ ነበር፣ ቀጭን። ሌላ ሲሊንደር የሚመጣው ከሰዓት ነው። ልብስ ሰፊዋና ሹሙ ድስቱ ላይ አፍጥጠው ቆሙ። ነበልባሉ አንዴ ቢጫ ሆኖ ተንቀጠቀጠ፤ ሹሙ ትንፋሹን ዋጠ፤ ነበልባሉ ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ክዳኑ ከአንድ ጎኑ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። እንደገና ብድግ አለ። ከዚያ ያለ ማቋረጥ ይጨፍር ጀመር፤ አረፋው ከሥሩ ፍንጥቅ እያለ እሳቱ ላይ ተንጫጫ።

ሹሙ ማንም ሳያዘው የሽንኩርት ሳፋ ሳበና ቢላዋ አነሣ። ልጣጩን ሳይቸኩል፣ ሳያጭበረብር፣ እስከ መጨረሻዋ ራስ ላጠ። ዐይኑ ቀልቷል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልታወቀም።

«እትዬ፣ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ከአዳራሹ ሲመለሱ።

«አውቃለሁ። ያን ድስት ብቻውን የሚያነሣ ሌላ ክንድ እዚህ ቤት የለም።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁ?»

«እንድትናገር ነዋ። ቁልፉን እዚህ አስቀምጥ። ሽንኩርት መላጡንም ለምደኸዋል፣ ቀጥልበት።»

ሰው ዘግይቶ በላ፤ ግን በላ። አንዳንዱ ደገመ። ልብስ ሰፊዋ ድስቱን ስታጥብ እትዬ አጠገቧ መጡ።

«ዛሬ ሰው እንዳይታመም አድርገሻል። እሱን አልረሳውም። ፈተናውን ግን አላለፍሽም። ድስት በግምት አይወርድም። ቦታው ለጓደኛሽ ነው።»

እንዲህ እንደሚሆን ጠብቃ ነበር። ውሃውን ደፋች።

«ነገ መምጣት እችላለሁ?»

«ከመማር ማን ይከለክልሻል? ደመወዝ ግን የለውም።»

ውጭ አማቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይጠብቋታል።

«ቦታውን አገኘሽ?»

«አላገኘሁም እማማ።»

«ይህን ያህል አስርበሽን?»

እየሄዱ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቦሎቄው ሆድን ምን እንደሚያደርግ፣ ጭልፋው ሲዘረጋላት ምን እንዳሰበች አልደበቀችም። ዝም ብትል ኖሮ ቦታው የእሷ እንደነበረም ተናገረች። አማቷ ለእያንዳንዱ ነገር አንዳች ሽሙጥ የማያጡ ሴት ናቸው፤ አሁን ግን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ምርኩዛቸውን ብቻ እያንኳኩ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙና እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ማልጄ ነው። ግን እማማ፣ ደመወዝ...»

«ልጆቹን እኔ ቀስቅሼ ወደ ትምህርት ቤት እልካቸዋለሁ። አንቺ ሂጂ።»

መንገዱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነበር። ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ክንዷን ያዙ።