የሚስተር ቶሊቨር ወንበር

በዋሽንግተን የእንደራሴዎች ምክር ቤት ምድጃ የማነደው፣ ትንባሆ አኝከው የሚተፉበትን ጣሳ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ስሜ አብሰሎም ፕራውት ነው፤ ነፃ ጥቁር ነኝ። ሽበቴን እያዩ "አንተ ልጅ!" ይሉኛል። ስሜን የጠየቀኝ አንድም የለም። ይሁን።

ያን ሰሞን የሚጨቃጨቁት ስለ አንድ ሕግ ነበር። ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ገብቶም ቢሆን ተይዞ ይመለስ ይላል። የደቡብ እንደራሴዎቹ "ካልሆነ እንገነጠላለን" እያሉ ሽጉጥ ታጥቀው ይገቡ ነበር። ባለቤቴ ኬዛያ ከቨርጂኒያ አምልጣ ፊላደልፊያ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። ሕጉ ካለፈ ባሪያ አዳኞቹ ደጇ ናቸው።

ደቡቦቹ የሚበልጡት በአንድ ድምፅ ነው። ሚስተር ዌዘርቢ የሚባለው የሰሜን ሰው ከተቃወመ እኩል ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ሕጉ ይወድቃል። እሱ ግን በቃል ታስሯል። በዚያ ቤት ወግ ነው፤ አንዱ ሲታመም ከተቃራኒው ወገን አንዱን "እኔ ከሌለሁ አንተም ድምፅ አትሰጥም" ብሎ ቃል ያስገባዋል። የሳውዝ ካሮላይናው ሚስተር ቶሊቨር ሳንባውን ታሞ ሲተኛ፣ ዌዘርቢን ቀኝ እጁን ጨብጦ አስምሎት ነበር።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ማለዳ ቶሊቨር ሞተ። የሟቹ ወጥ ሠሪ ስትነግረኝ ወደ ዌዘርቢ ቤት በሩጫ ሄድኩ። ዌዘርቢ ቁርስ ላይ ነበር።

"ጌታዬ፣ ሚስተር ቶሊቨር አረፉ።"

"ምን?"

"አረፉ። ቃልዎም አብሮ ቀረ። ዛሬ ድምፅ መስጠት ይችላሉ።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወግ አስተማሪ የሆንከው?" አለኝ። ቢሆንም ኮቱን አነሳ። "ደህና። እቃወማለሁ።"

የሟቹን ጠረጴዛ ጥቁር ጨርቅ አለበስኩት። ጣሳውንም አጥቤ፣ አድርቄ ከወንበሩ ስር አኖርኩት። ምድጃው እየነደደ እዚያ ወንበር አጠገብ ብቻ ይበርድ ነበር።

ጸሐፊው ስም መጥራት ጀመረ።

"ቶሊቨር!"

መሰረዝ ረስቷል። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳል ተሰማ፤ ያ እርጥብ፣ ረጅም ሳል። ሁላችንም ዞርን። ወንበሩ ባዶ ነው። ጥቁሩ ጨርቅ ግን ደረት እንደለበሰው ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

"መስኮቱን ዝጋው እንጂ፣ አንተ ልጅ!" አለኝ አንዱ።

መስኮቱ ዝግ ነበር።

"ዌዘርቢ!"

ተነሳ። ዓይኑ ከባዶው ወንበር አልነቀል አለ። በግራ እጁ የቀኝ አንጓውን ይዞ፣ ከሆነ ነገር መንጭቆ እንደሚያወጣ ይጎትታል።

"ምነው፣ አማትህ መጣች እንዴ?" አለ አንድ የደቡብ ሰው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

"እኔ... ቃል አለብኝ" አለ ዌዘርቢ።

"ከሞተ ሰው ጋር?" ብለው ጮሁበት የራሱ ወገኖች።

"አልለቀቀኝም" አለና ተቀመጠ።

ሕጉ በአንድ ድምፅ አለፈ። ደቡቦቹ ባርኔጣቸውን ወረወሩ።

ሲወጡ ጣሳዎቹን ልሰበስብ ገባሁ። የቶሊቨርን ሳነሳው ከበደኝ። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ትንባሆው ገና ይሞቃል።

እሱን ሞቶም በስሙ ጠሩት፣ መልሱንም ዞረው ሰሙት። ጣሳውን እንዳለ መልሼ አስቀመጥኩና ሽርጤን ወንበሩ ላይ ጣልኩት። አዳኞቹ ሳይቀድሙኝ ኬዛያን ይዤ ካናዳ መሻገር አለብኝ።

"አንተ ልጅ! ምድጃው ጠፋ እኮ!" ይላል ከኋላዬ አንዱ።

ይጥፋ።