የተቃራኒው ወገን ጠበቃ

ጠበቃው ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲሟገት ኖሮ፣ ለራሱ ሲሆን ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ነበር። የበሰበሰ ቲማቲም ቢመዝኑለት እንኳ አመስግኖ ይወጣል። አብረውት የጀመሩት የቢሮው ሸሪክ ሆነው የየራሳቸውን ክፍል ሲይዙ፣ እሱ አሁንም ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነው። "ማሽኑ እንኳ ሁለቴ ተቀይሯል" ይላል፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው በራሱ ለመሳቅ።

አሁን ግን አንድ የሸሪክነት ቦታ ተከፈተ፤ የቢሮው ኃላፊ የሆኑት ዋናዋ ጠበቃም ሰኞ ጠዋት ሊያነጋግሩት ቀጠሩት። ይህቺ ካመለጠችው ሌላ እንደማትመጣ አሳምሮ ያውቃል።

አንድ የሥራ ልማድ ነበረው። ጉዳይ ሲይዝ መጀመሪያ የሚከራከረው ተቃራኒውን ወገን ሆኖ ነው፤ ሳሎን መሀል ቆሞ፣ ሚስቱን ዳኛ አድርጎ፣ የባላጋራውን ክርክር እስከ ጥግ ይወስደዋል። ወደ ራሱ ደንበኛ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እሁድ ከሰዓትም እንደ ልማዱ "ይህ ሰው ለምን ማደግ የለበትም" ብሎ ጀመረ። አንደበቱ እንዲህ ተፈትቶለት አያውቅም። ሲጨርስ ደክሞት ነበርና፣ የራሱን መልስ ነገ መንገድ ላይ አስበዋለሁ ብሎ ተቀመጠ።

"ምነው ዝም አልሽ?" አላት ሚስቱን።

"እየሰማሁህ ነው" አለች፣ የታጠበ ልብስ እያጠፈች።

ሰኞ ዋናዋ ጠበቃ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አሉት። "ሌሎቹ ሸሪኮች ቢቃወሙህ ምን የሚሉ ይመስልሃል?"

የተዘጋጀበት ጥያቄ መጣለት። ብድግ ብሎ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"እስከ ዛሬ በራሱ ያመጣው አንድ ደንበኛ የለም" አለ። "ስብሰባ ላይም 'እኔም በዚሁ እስማማለሁ' ከማለት በቀር ሐሳብ ሰጥቶ አያውቅም።"

"ይበቃል፣ ገባኝ" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዋናው ነጥብ ይቀረኛል።" ዋናው ነጥብ፣ ለራሱ መናገር ያቃተው ሰው ለቢሮው ሊናገር አይችልም የሚል ነበር፤ ግሩም አድርጎ አብራራው።

"የአንተስ መልስ?"

ጠበቃው አፉን ከፈተ። መንገዱን ሙሉ መልሱን ረስቶ ከረባቱን ሲያስተካክል ነበር የመጣው። በሥራ ዘመኑ እንዲህ መውጫ መግቢያ ያሳጣው ባላጋራ ገጥሞት አያውቅም፤ አፈረ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ኮራ።

"እኔ እኮ ልሾምህ ነው የጠራሁህ" አሉት እያዘኑ። "ሌሎቹን የማሳምንበት ነገር እንድትሰጠኝ ነበር። አሁን ግን እኔንም አሳመንከኝ።"

ቤት ገብቶ የሆነውን ሁሉ፣ ቁልፍ መቆለፉን ሳይቀር፣ በራሱ እያላገጠ ለሚስቱ ነገራት። አልሳቀችም።

"ትናንት መልሱን እስክትጀምር ስጠብቅህ ነበር" አለች። "እኔ የምለው ብዙ ነበረኝ።"

"ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?"

"ዳኛ አድርገኸኝ እንዴት ልናገር?"

"አሁን ንገሪኝ።"

ከመቀመጫዋ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። "እነዚያ ሸሪኮች ሁሉ ችሎት ከመግባታቸው በፊት ክርክራቸውን የሚያስፈትኑት አንተ ዘንድ እየመጡ ነው። ያንተን ቃል ይዘው ነው የሚረቱት።"

ጠበቃው በልማዱ ሊቃወማት ማስተባበያ ፈለገ። አላገኘም፤ ነገሩ እውነት ነበር። ሹመቱ ከማምለጡ ይልቅ ይህን ለራሱ አለመናገሩ አንገበገበው።