የመስቀል ልስን

ነመራ የወባ መርጫ ቡድን መሪ ሆኖ ወደ ዴዴሳ ቆላ ሲወርድ፣ ከሁሉ በፊት ያስረጨው የእህቱን የድርቤን ቤት ነበር። ድርቤ እዚያ ቆላ ከተዳረች ወዲህ ሁለት ልጆቿን ወባ ነጥቋታል። የቀራት ኩማ ብቻ ነው፤ ገና ዳዴ የሚል። ነመራ ሕፃኑን ታቀፈና፣ «ይኼን ወባ አይወስድብሽም። በእግዚአብሔር ስም እነግርሻለሁ፣ ይኼ ያድጋል» አላት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ቶሎ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ከጎረቤት ጋር ሲጸልይ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ጊዜው ጳጉሜ ነው። ረጪዎቹ ፓምፑን በጀርባቸው አዝለው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዳረሱት። መድኃኒቱ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ትንኟ የምትሞተው እዚያ ላይ ስታርፍ ነው።

ከቡድኑ ጋር ወሰኔ የሚባል የሸዋ ልጅ አብሮ ወርዷል። አዲስ አበባ ኮሌጅ ይማራል፤ ትምህርቱ አንትሮፖሎጂ ይባላል። ምንድን ነው ሲሉት፣ «ሰው እንዴት እንደሚኖር ማጥናት ነው» ይላል።

«እሱንማ እናቴም ታውቀዋለች» አለ አንዱ ረጪ። «ደሞዝ የሚቆርጥላት ጠፋ እንጂ!»

ወሰኔ አብሯቸው ሳቀና ወደ ድርቤ ዞረ። «አዴ ድርቤ፣ ይህን ግድግዳ መቼ መቼ ነው የምትለስኚው?»

ነመራ በኦሮምኛ ተረጎመላት።

«አዲስ አበባ ጭቃ አልቋል እንዴ?» አለ ያው ረጪ።

ድርቤ ግን በቁም ነገር ነው የመለሰችው። «ለመስቀል ነዋ። ክረምቱ ያበላሸውን በእበትና በቀይ አፈር እለስናለሁ። አለዚያ እንግዳ ምን ይለኛል? ይኸው ደግሞ እናንተ መጥታችሁ የወፍ ኩስ አስመሰላችሁት።» ወንድሟን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ለመስቀል ትመጣ የለም እንዴ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ?»

«እመጣለሁ» አላት።

ነቀምት እንደተመለሱ ወሰኔ ነመራን አስከትሎ የወባ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ተክለጻድቅ ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ሴቶቹ ለመስቀል ግድግዳቸውን ሁሉ ይለስናሉ። መድኃኒቱ ጭቃ ሥር ተቀብሮ ሊቀር ነው። ወይ ከመስቀል በኋላ እንደገና እንርጭ፣ ወይ አሁኑኑ ሰው ይውረድና ያስረዳቸው።»

አቶ ተክለጻድቅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራው በጊዜው እንዲያልቅ ከበላይ የታዘዙ ሰው ነበሩ። «እኔ የማውቀው ትንኝ ነው፣ ወንድሜ። ነመራ፣ አንተ የአገሩ ሰው ነህ። እውነት ነው የሚለው?»

መልሱ ነመራ ምላስ ላይ ነበረ። እናቱ በየዓመቱ ስትለስን እበቱን ያቀብላት የነበረው ራሱ ነው። ግን በሩ አጠገብ ከቆሙት ጸሐፊዎች አንዱ «እበት» ብሎ ሲስቅ ሰማ። ካኪውን ለብሶ፣ አማርኛውን አቃንቶ እዚያ ወለል ላይ ለመቆም ብዙ ደክሟል።

«ድሮ ነበር ጌታዬ። አሁን ሕዝቡ ነቅቷል» አለ።

«እህቱ እኮ ናት የነገረችኝ! የተረጎመልኝም እሱ—»

«ባለአገሩ መስክሯል ልጄ። በቃ» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

ነመራ ያን ቀን ራሱን ያጽናናው፣ ለመስቀል ስወርድ እኔው እነግራታለሁ በማለት ነበር። ግን በማግስቱ ሌላ ቡድን ይዘህ ሂድ ተብሎ ወደ ኪራሙ ተላከ። መስቀልም እዚያው ሳለ ደረሰ። ወደ ዴዴሳ የሚወርድ ሰው ቢፈልግ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር ብቻ አገኘ። ግድግዳውን አትንኪ ብሎ በሾፌሩ ቢልክ ደግሞ ወሬው ዞሮ አቶ ተክለጻድቅ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ መልእክቱን ተወውና ጸለየ። ማታ ማታ ተንበርክኮ ኩማን በስሙ እየጠራ ጸለየ፤ ሾፌሩ ግን ባዶውን ሄደ።

በጥቅምት መርዶ መጣ።

ነመራ ሲደርስ ኩማ ተቀብሯል። ጎረቤቶቹ ቤቱን ሞልተው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ቀይ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ድርቤ በጣቶቿ ቅስት ቅስት አድርጋ ያስጌጠችው። አንዲት ነጭ ነጥብ አይታይበትም።

ድርቤ እንባዋ አልቆ ነበር። «መድኃኒቱ እምቢ አለን እኮ ኦቦሌሳ» አለችው። «ምን አጠፋን?»

ነመራ እውነቱን ቢነግራት፣ በገዛ እጇ ልጇን እንደ ቀበረች ልትቆጥረው ነው። የእግዜር ፈቃድ ነው ቢላት ማን ይጠይቀዋል? እንደዚያ ሊላት አፉን ከፈተ። ያኔ አጠገቡ የተቀመጠችው ወርቂቱ፣ የላይኛው ቤት ጎረቤት፣ ጭኗ ላይ ያስተኛቻትን ልጅ ስታገላብጥ የልጅቱ ክንድ እጁን ነካው። እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«የናንተም ቤት ተለስኗል?» አላት።

«የማን ቤት ያልተለሰነ አለ?» አለች ወርቂቱ። «መስቀል አልነበረም እንዴ?»

ነመራ ተነሥቶ ቆመ። ስለ ትንኟ፣ ስለ ነጩ ነጠብጣብ፣ መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር እንደ ተቀበረ በኦሮምኛ አንድ በአንድ ነገራቸው።

«ይኼን ስታስረጭ ታውቀው ነበር?» አለች ድርቤ።

«አውቅ ነበር። ጠይቀውኝም ነበር። ድሮ ቀርቷል አልኳቸው።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

«እኔ ደግሞ አንተ ስትመጣ እንዳላፍር ብዬ ነበር የለሰንኩት» አለች ድርቤ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ አንድ በአንድ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው ቤት የመፋቅ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከማዶ፣ ቀጥሎ ከወንዙ ዳር። አንዷ በማጭድ፣ አንዷ በገል ስባሪ፣ የመስቀል ልስናቸውን ከግድግዳው ያወርዱት ጀመር። የተረፈው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ ነመራ አያውቅም ነበር። ቢሆንም አላስቆማቸውም።

እህቱ እግር ሥር ሊቀመጥ ዝቅ ሲል ድርቤ በእጇ ከለከለችው።

«እዚህ ምን ታደርግልኛለህ?» አለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ። «ወርቂቱ አጭር ናት፣ ላዩን አትደርስበትም። ሂድና ፋቅላት።»