አለቃህ ይሰማል

የግራ እጄ የቀለበት ጣት ከሰባት ወር በፊት ሥራ አቆመ። ያቆመው እንደ አንዳንድ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በቦታው አለ፣ ሰዓት ያከብራል፣ ሲጠሩት ግን አይመጣም። ሸሚዝ ይቆልፋል፣ ጆሮ ያካል፣ የገበያ ከረጢት ይሸከማል። ሳክስፎኑን አንስቼ ፈጠን ያለ ዜማ ስጀምር ብቻ እንደነኩት ትል ወደ መዳፌ ይጠቀለላል። ሳክስፎን ላይ ደግሞ ሶል የምትባለው ድምፅ ያለ እሱ አትወጣም።

ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አየ፣ ፎቶም አስነሳኝ። እጄ ጤነኛ እንደሆነ፣ የተበላሸው አእምሮዬ ከጣቴ ጋር የነበረው ስምምነት እንደሆነ ነገረኝ። አንድን እንቅስቃሴ ዕድሜ ልኩን የደጋገመ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም አለ። እኔ ከየትኞቹ እንደሆንኩ ስጠይቀው ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ።

የምንጫወተው አንድ ሆቴል ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ላይ ነው። አምስት ነን። ፒያኖ የሚጫወተው አለቃችን በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ በሀብቱም በመልኩም ሳይሆን በጆሮው የሚኮራ ሰው ነው። ማዶ ካለው ሕንፃ ብርጭቆ ቢወድቅ በየትኛው ድምፅ እንደተሰበረ ልንገራችሁ ባይ ነው። ባለፈው ዓመት የትራምፔት ተጫዋቻችን የፊት ጥርስ ተነቃነቀ፤ በሳምንቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘን። የጥርሱ ባለቤት የት እንደገባ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ጣቴን ደበቅኩት። ሶል ስትደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ወደ ኋላ እለጠጣለሁ፣ ፊቴን ቁርጠት እንደያዘው ሰው አጨማድዳለሁ፣ ሳልነፋትም አልፋታለሁ። እንግዶቹ ስሜት መሰላቸው። አንድ ድምፅ በዘለልኩ ቁጥር ጭብጨባው ጨመረ። ሁለት ብዘል ምን ሊደረግልኝ እንደሆነ እንጃ። ማታ ግን ትራስ ላይ ጋደም ስል ጣቴን ቀና እያደረግኩ እቆጥራለሁ፤ ዛሬ አለቃ አልነቃብኝም፣ ነገስ?

ለሰው ካልነገሩት ደግሞ ሆድ ይፈነዳል። ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣ ብነግራት በማግስቱ ዳቦ ሻጩ ጣቴን ያይልኛል። ስለዚህ ለነብር ነገርኩ።

ስልኬ ውስጥ አንድ ሰፈር አለ። ሰው ራሱን በፈለገው መልክ ቀርጾ ይገባል፤ መንገድ አለው፣ ፏፏቴ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። እኔ እዚያ ረጅም ነኝ። ፀጉርም አለኝ። አንዲት ምልክት ስነካ አሥሩም ጣቶቼ ሳክስፎኑ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። ፏፏቴው ዳር የምንሰበሰበው ሰዎች ወሬያችን አንድ ነው፤ ዛሬ የት ዋልክ? አንዱ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ዋልኩ ይላል፣ ሌላው የጫማ ተረከዝ ሳስመታ ይላል፣ ሁላችንም ታላቅ ጉዞ እንደተተረከልን እንደመማለን። ወይዘሮ ነብር እስከ ትከሻዋ ሴት፣ ከዚያ በላይ ነብር ናት። ጉልበቷ ላይ የሚተኛ ሕፃን ስላላት እኛ በድምፅ ስናወራ እሷ በጽሑፍ ትመልሳለች። የጣቴን ነገር ስነግራት "አይዞህ፣ የኔ ልጅም እግሩን የራሱ መሆኑን ገና አላወቀም" ብላ ጻፈችልኝ። ከሐኪሙ ይልቅ እሷ አሳረፈችኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ አንድ ፔንግዊን መምጣት ጀምሯል። አይናገርም፣ አይጽፍም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየናል።

የሰፈሩ ሕግ ብዙ የቆየ ሰው ግቢው ይሰፋለታል ነው። በእውነተኛው ዓለም ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ እዚያ ግን ሁለት ዛፍ የበቀለበት ግቢ አለኝ። ሦስተኛውን ዛፍ ስለምፈልግ ስልኩን አልዘጋም። ረጅሙን እኔን ፏፏቴው ዳር አስቀምጬ፣ አጭሩ እኔ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ገበያ እሄዳለሁ፣ ፀጉር ቤት እሄዳለሁ፣ ልምምድ እገባለሁ።

ማክሰኞ ከልምምድ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስልኬን ሳየው የነብር መልእክት ተቀምጧል።

"ኧረ ተጠንቀቅ። አለቃህ ይሰማል።"

እሷ ወጥታለች። ያንን ቀን አልተመለሰችም፣ በማግስቱም አልተመለሰችም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አለቃ ይሰማል። እዚያ አለ ማለት ነው፤ ከእኛ መሀል ተቀምጦ የምናወራውን ሁሉ ይሰማል። ሰባት ወሩን፣ ሐኪሙን፣ ዓይን መጨፈኑን ሁሉ በገዛ አፌ ለፍልፌለታለሁ። ይባስ ብሎ ጆሮውን አምቼዋለሁ፤ "ብርጭቆ ይሰማል እንጂ ሶል አይሰማም" ብዬ አስቄያለሁ። ሁሉም ስቀው ነበር። አንዱ ብቻ አልሳቀም።

ፔንግዊኑ።

ገብቼ ልጠይቅ አልኩና ጣቴ ስልኩ ላይ ደረቀ፤ የቀለበቱ ሳይሆን ጤነኛው። ምን ብዬ ልጠይቅ? አለቃ፣ እርስዎ ነዎት? ፔንግዊኑ እንደልማዱ አግዳሚው ላይ ነበር። እኔን እያየ።

ረቡዕ ልምምድ ላይ አለቃ ከፒያኖው ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አየሁት። እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ እግሮቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ ፔንግዊን መሆኑን እንዴት አላየሁም? ሲመለስ አጠገቤ ቆመና እጄን ከኪሴ ለምን እንደማላወጣ ጠየቀኝ። ብርድ ነው አልኩት። በዚህ ሙቀት? አለና ሄደ። ያቺን "በዚህ ሙቀት?" ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጣት አደርኩ። ሰውዬው ሁሉን አውቆ ዝም ያለኝ እስክጠፋ እየጠበቀ ነው፤ ድመት አይጧን ወዲያው አትበላም።

ሐሙስ እትዬ መጋረጃ ልግዛና ተሸከምልኝ ብላ ጠራችኝ። ሦስት ሱቅ አዞረችኝ። በመጨረሻው ሱቅ ጨርቁን ወደ ብርሃን ስታነሳ እኔን አየች እንጂ ጨርቁን አላየችም። ከሳህ አለችኝ፤ እጅህም ከኪስህ አይወጣም፣ ምን ሰርቀህ ነው? የሱቁ ባለቤት ቀና አለ። ሰው ሲደክመው ሚስጥሩ ይከብደዋል፤ እዚያው ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት።

እትዬ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጣቴ አይደለም። ነብሯ ማን ናት፣ ባል አላትስ? አለች። ከዚያ ግን መጋረጃውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ረጋ ብላ ተናገረች።

"አንተ ልጅ፣ ያወቀውን ነገር ቀድመህ ሄደህ ብትነግረው ሰው ትባላለህ። እሱ ጠርቶ ቢነግርህ ግን ሌባ ነህ።"

"ቢያባርረኝስ?"

"ካወቀ እኮ አባሮሃል። የቀረው መንገሩ ነው።"

እንዲህ ያለ ማጽናናት የምትችለው እትዬ ብቻ ናት።

ዓርብ ጠዋት ሌሎቹ ሳይመጡ ደረስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ትወለውላለች፤ አለቃ ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብሎ እርሳስ ይቀርጻል። ከበሩ እስከ ፒያኖው ያለው ርቀት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

"አለቃ፣ የሰሙት እውነት ነው" አልኩ።

"የቱ?"

"የጣቴ ነገር።"

እርሳሱን አስቀመጠ። "ጣትህ ምን ሆነ?"

ብልህ ሰው እዚህ ላይ በር ቀረጠፈኝ ብሎ ይወጣል። እኔ ግን እየፈተነኝ መሰለኝ፤ እስከየት እንደምዋሽ ሊያይ። ስለዚህ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ስጨርስ አለቃ ሳክስፎኑን በአገጩ አሳየኝ።

"አንሳው። ከላይ ጀምረህ ውረድ።"

ወረድኩ። ጣቴ ተጠቀለለ። ድገም አለ፤ ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ዓይኔን ልጨፍን ስል እንዳትጨፍን አለኝ። ሶል መኖር ባለባት ቦታ ላይ እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወል አቆመች።

"ሰባት ወር" አለ አለቃ። የሚናገረው ለራሱ ነው። "ሰባት ወር ሙሉ ሶል አልነበረችም። ታዲያ ጆሮዬ የት ሄዶ ነው?"

ቁጣ ስጠብቅ ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ፍርሃት ነበር፤ እኔ ማታ ማታ ጣቴን ስቆጥር የሚሰማኝ ዓይነት። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ። አለቃ ምንም አያውቅም ነበር። ደግሞም ለጆሮው የሚፈራ ሰው፣ ጆሮው መሳቱን የሚያውቅ ምስክር አጠገቡ አስቀምጦ ፒያኖ አይጫወትም። ሂድና ነገ ና አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነብር ተመለሰች። ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት ነበር። አለቃ ሰፈሩ ውስጥ ከሌለ ለምን ይሰማል እንዳለችኝ በምሬት ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ ስትጽፍና ስትሰርዝ ቆየች።

"ማይክህ ክፍት ነው ማለቴ ነበር! የአለቃህ ድምፅ እኛ ጋ ይሰማል። ጩኸቱ ልጄን ቀስቅሶብኝ ነው የወጣሁት።"

መልእክቱን መልሼ አነበብኩት። ይሰማል። ሳላጠብቅ አነበብኩት፤ ሰውዬው ሰሚ ሆነ። አጥብቄ አነበብኩት፤ ሰውዬው ተሰሚ ሆነ። ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን ለአንባቢው አደራ ብሎ ይተዋል፤ እኔም አደራ በላሁ። ሃያ ዓመት የድምፅ ርዝመት እየለካሁ እንጀራ የበላሁ ሰው በአንዲት መላላት እንጀራዬን ገደል ከተትኩ።

ፔንግዊኑስ? አልኳት።

"አማቴ ናቸው። መናገሪያው እንዴት እንደሚከፈት አያውቁም እንጂ መስማት ይወዳሉ። ለጣትህ በጣም አዝነዋል። ሐሙስ መጋረጃ ቤት ስትጠይቅ ለነበረችው እህትህም ባል አላት በላት ብለዋል።"

ሌላ ቀን ቢሆን ሳቅ ይገድለኝ ነበር። ማይኩን ዘጋሁና ግድግዳውን ሳይ አመሸሁ።

ቅዳሜ ስገባ ሁሉም ቀድመውኛል። አለቃ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠራኝ "አንተ ቱቦ" ነው የሚለኝ፤ ስዘገይ ደግሞ ዝገታሙ ይጨመርበታል። ዛሬ ዘግይቻለሁ። ደጃፉ ላይ ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ ስድቤን ጠበቅኩ።

አለቃ ከፒያኖው ተነሳ።

"ደህና አደሩ?" አለኝ።

ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ከበሮ መቺው ጎንበስ ብሎ ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ዘፋኟ ጥፍሯን ታያለች። ሁልጊዜ ከምቀመጥበት ራቅ ብሎ፣ መስኮቱ ሥር፣ ትራስ የተደረገበት ወንበር ቀርቧል።

"እዚህ ይምጡ፣ እዚህ ይሻልዎታል" አለ አለቃ። ድምፁ እንደ ማር ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለውም አላውቅም ነበር። "ደረጃው አደከመዎት?"

ሄጄ ተቀመጥኩ። ጥርሱ የተነቃነቀው ሰውዬ የት እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ። በእርጋታ፣ በክብር፣ ትራስ ላይ አስቀምጠው ነው የሸኙት።

"አለቃ" አልኩት፤ ድምፄ ቀጠነብኝ። "ግድየለዎትም፣ እንደ ድሮው አንተ ይበሉኝ። ቱቦ ይበሉኝ።"

አለቃ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

"ኧረ እንዴት ደፍሬ፣ ጋሼ?" አለኝ።