ያልተሰማው ግለት

ጉታ ልጆቹን ያሳደገው ሸጎሌ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ቴሌቪዥንና የጥልፍ ማሽን እየጠገነ ነው። የተበላሸ ቦርድ ሲመጣለት መብራት ይሰጠውና፣ ኃይሉ በማይጎዳበት በኩል ሌባ ጣቱን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እያሻገረ ይዳስሳል። ያለ ልክ የጋለው ነው የተበላሸው። ሌላ መሣሪያ ብዙም አያስፈልገውም ነበር።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት ጽጌረዳ መጣች። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትጠልፍ ደንበኛው ናት። የማሽኗን ቦርድ በፌስታል ይዛለች።

«ጋሽ ጉታ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ የተቀበልኩት ልብስ እጄ ላይ እያለ ቆመብኝ። ልጠብቅዎት?»

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ፤ አሁን ይታያል።»

ቦርዱን ሰካና ዳሰሰ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳሰሰ።

«ይገርማል፤ የጋለ ነገር የለውም» አለና ሞተሩን የሚያዘው፣ አይሲ የሚሉት ጥቁር ዕቃ ላይ ጣቱን ጫን አድርጎ ቆየ።

«የሆነ ነገር ይሸተኛል» አለች ጽጌረዳ። «ጸጉር የተቃጠለ ዓይነት።»

«ቦርዱ ነዋ።»

«ኧረ ጣትዎ! ጋሽ ጉታ፣ ጣትዎ ነው የሚቃጠለው!»

እጁን ይዛ ሳበችው። የጣቱ ቆዳ አይሲው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጉታ የተላጠውን ጣቱን የሌላ ሰው ይመስል አየው። ቅንጣት ሕመም አልተሰማውም። የፈራውም ለዚህ ነው።

«በይ፣ ጥፋቱ ተገኘ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። እሷ አልሳቀችም። ሶኬቱን ነቅላ፣ ሱቁን አዘግታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ነርሷ ጣቱን አሽጋ ስታበቃ፣ «ጫማዎንም ያውልቁ» አለችው።

«የመጣሁት በእጄ ነው እኮ። ያመመኝ... ማለቴ ያላመመኝ እጄ ነው።»

«ግድ የለም፤ ያውልቁ።»

ካልሲው ደም ጠጥቶ ደርቋል። ውስጥ እግሩ ላይ ከቦርድ የተቆረጠ የሽቦ ስባሪ ተሰክቶ፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ስንት ጊዜ እንደረገጠው አያውቅም።

የጣቱንና የእግሩን ስሜት የገደለው ስኳር በሽታ ነው፤ እንዳለበት ከዓመታት በፊት ተነግሮት ነበር። ክኒኑን ጥቂት ወራት ውጦ ደህና ነኝ ብሎ ተወው። ለሚስቱ ለዓለሜ ግን ሐኪሙ ክኒኑ ይበቃሃል እንዳለው ነበር የነገራት።

ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተልኮ ሲተኛ፣ ዓለሜ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «ለምን ዋሸኸኝ?» አለችው።

«የሚያመኝ ነገር አልነበረማ፣ ዓለሜ።»

እጁን ያዘችው። መያዟን ያወቀው ዞር ብሎ ሲያይ ነው።

በፋሲካ ማግስት ግማሽ እግሩ ተቆረጠ። የጽጌረዳን ቦርድ ሌላ ሰው ሠራው።

ክረምቱ ሲገባ በክራንች ወደ ሱቁ ተመለሰ። የጋለውን ለማግኘት ዘዴ አላጣም፤ ቦርዱን አልኮል በስሱ ቀብቶ ቀድሞ የሚደርቅበትን ቦታ ያያል። ያቃተው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትንንሾቹ ዕቃዎች በጣቶቹ መሃል ይኑሩ ይውደቁ አያውቅም። አንድ ቀን ከቴሌቪዥን ቦርድ ጋር ሲታገል ውሎ፣ ብየዳው ፈሶ መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ቦታዎች አገናኘበትና ጭርሱን አቃጠለው። የቴሌቪዥኑ ባለቤት ክራንቹን አየና ዕቃውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጉታ ሥራ አይቀበልም። ሱቁን ግን ይከፍታል። ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል፤ የተበላሸ ይዞ የመጣውን ሰው ችግሩን እስከ መጨረሻው ያዳምጠውና፣ «ሌላ ቦታ ሞክር ወንድሜ፤ እኔ አልችልም» ይለዋል።